የአክስቴ ሦስት ሜፕሎች፦ የጃፓን ዛፍ በኮምቦልቻ ፀሐይ

አክስቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጇ ለትምህርት ጃፓን በነበረበት ዘመን ኅዳር በመጣ ቁጥር ከኪዮቶ ፎቶ ይልክላት ነበር። ቅጠሉ እንደ ፍም የቀላ ዛፍ፣ ሥሩ የረገፈው ደግሞ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ። እሷም ቡና ላይ ስልኳን ለጎረቤት ሁሉ ታዞራለች። "ይህን ዛፍ ደጄ ላይ ሳላይ አልሞትም" ትላለች። ልጅ ሆዬ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ አዲስ አበባ አንድ ችግኝ ነጋዴ ጋ ከውጭ የገቡ ሦስት የጃፓን ሜፕሎች አገኘ። ገዝቶ አመጣላት። ዋጋቸውን እስከ ዛሬ አልነገራትም።

ከዚህ በታች ያለው የእነዚያ ሦስት ችግኞች ታሪክ ነው፤ ከኅዳር 2016 እስከ ታኅሣሥ 2018። አንዱ ሞቷል። አንዱ ከተማ ቀይሯል። ሦስተኛው በሕይወት አለ፤ ግን የገዛነው ዛፍ አይደለም። እንዴት? እመጣበታለሁ። መትከያ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም ብዙው የኔ ነው። ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ታሳፍረኛለች።

ዛፉ

ጃፓኖች ሞሚጂ ወይም ካኤዴ ይሉታል። አሴር ፓልማተም የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ስዊድናዊው ካርል ፒተር ቱንበርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1784። ፓልማተም መዳፍ የመሰለ ማለት ነው። እውነትም ቅጠሉ ጣቶቹን የዘረጋ የሕፃን እጅ ይመስላል። አምስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ጣት አለው።

ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመን አኗኗሩ ነው። በተፈጥሮው ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚያድግ ትንሽ ዛፍ ነው። ቡናን አስቡ። ቡናም የጫካ ጥላ ልጅ ነው፤ ወሎ ውስጥ በጓሮ ቡና የሚተክል ሰው ያለ ጥላ አይተክለውም። ሜፕልም እንደዚያው። ሥሩ ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ ላይ ላዩን እንደ ጭራ ተበትኖ ይኖራል። ስለዚህ የላይኛው አፈር ሲግል እሱም አብሮ ይግላል፤ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ከቡና የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ብርድ ይፈልጋል። በአገሩ የብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እንቅልፉን ካልጠገበ ደግሞ ሲነቃ ተነጫናጭ ነው።

ሦስቱ ችግኞቻችን አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንደኛው ብላድጉድ የሚባለው ጥቁር ቀይ ነው፤ ሙቀት ይችላል ከሚባሉት ይመደባል። ሁለተኛው ሴይርዩ ነው። ቅጠሉ እንደ ዳንቴል የተሰነጣጠቀ አረንጓዴ ነው፤ ከዳንቴል ቅጠሎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በማደጉ ይታወቃል። ሦስተኛው ባተርፍላይ ነው። የቅጠሉ ዳር ነጭ ነው፤ በጣም ያምራል። አክስቴ ወዲያው የወደደችው እሱን ነበር። ሦስቱም የተዳቀሉ ናቸው፤ እንደ ተዳቀለ አቮካዶ ሥሩ የአንዱ፣ አናቱ የሌላው።

ሰሜኑ ግድግዳ

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ዛፍ የሚጻፈውን ሁለት ምሽት አነበብኩ። ምክሩ ሁሉ አንድ ነው። አካባቢው ሙቅ ከሆነ ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ወይም በስተ ሰሜን ትከሉት፤ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፤ የከሰዓቱ አይምታው።

በአክስቴ ግቢ ምሥራቁ በልብስ ማስጫና በማድቤት ተይዟል። ሰሜኑ ግን ባዶ ነበር። የሰሜኑ ግድግዳ ቁመት እስከ ጣራው ጫፍ 3 ሜትር ነው። ከጣራው ጫፍ ልክ 1.2 ሜትር ርቀን ሦስት ጉድጓድ ቆፈርን። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ሄጄ አየሁት። ሦስቱም ችግኞች ከእግር እስከ ራስ ጥላ ውስጥ ናቸው። ትልቁ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር። ራሴን አሞገስኩ። አክስቴም ቡና አፈላች።

ጥር ላይ ቅጠላቸው ተንጠባጥቦ አለቀ። የካቲት ውስጥ ማቆጥቆጥ ጀመሩ፤ ግን እንደ ነገሩ። ብላድጉድ ከታች ቅጠል አውጥቶ ሲጨርስ አናቱ ላይ ገና እንቡጥ ነበር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ እንደ ደሴ አይቀዘቅዝም። እንቅልፉ እንዳልሞላለት ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በልጉ ስለዘነበ ሁሉም ነገር ደህና መሰለኝ።

ግንቦት

ግንቦት 2016 ሁለተኛው ሳምንት ላይ አክስቴ ደወለች። "ና እይልኝ፣ ዛፎቼ ተለበለቡ።"

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ስደርስ ባተርፍላይ ነጭ ዳር የሚባል አልቀረውም። ነጩ ሁሉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆኗል። ነጩ የቅጠል ክፍል አረንጓዴውን ቀለም ስለሌለው ፀሐይን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። ሴይርዩ ጫፍ ጫፉ ደርቋል። ብላድጉድ ቀይነቱ ጠፍቶ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል።

በግቢው ውስጥ ሦስት ዓይነት ምርመራ ተካሂዷል። ጎረቤታችን ሀጂ ዐይን በልቶታል አሉ። "አብሽሪ፣ በዱዓ ይመለሳል" አሏት። አክስቴ ደግሞ ውሃ ጠምቶት ነው ብላ በቀን ሁለት ጊዜ ማጠጣት ጀመረች። የአክስቴ ልጅ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብሎ ዩሪያ በተነበት።

ከሦስቱ ጉዳት ያላመጣው የሀጂ ምርመራ ብቻ ነው።

ዩሪያው በደረቅ አፈር ላይ ሲበዛ እንደ ጨው ነው፤ ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ያስቸግረዋል። ደግሞም ለምለም ለጋ ቅጠል ያስወጣል፤ ያ ለጋ ቅጠል ደግሞ ቀድሞ የሚቃጠል ነው። የአክስቴ ውሃስ? እሱን ለማየት የማገዶ እንጨት ቀጭን አድርጌ ጠርቤ አፈሩ ውስጥ ሰካሁ። ላዩ ጭቃ ነው። ከችግኙ ግንድ ሥር አንድ ጣት ያህል ስወርድ ግን ደረቅ ዱቄት ነው። ከፖቱ ጋር የመጣው አፈር ቀላልና ብን ብን የሚል ነው፤ ዙሪያውን ያለው ደግሞ የኮምቦልቻ ዋልካ ነው። ሁለቱ አልተዋወቁም። የሚረጨው ውሃ ከላይ ለፀሐይ ይተናል፤ የቀረውን ዋልካው ይይዘዋል። ሥሩ ያለበት መሀል ግን ከደረቀ በኋላ ውሃ እንኳ አይቀበልም። አክስቴ በቀን ሁለት ጊዜ እያጠጣች ዛፎቹ በጥማት እየሞቱ ነበር።

ስለ መቃጠሉ ነገሩ ይህ ነው፤ ቅጠል ሲሞቅ ውሃውን በእንፋሎት ይለቃል። ሥሩ የሚልከው ከሚተነው ካነሰ ደግሞ ውሃ በመጨረሻ የሚደርሰው ዳሩ ስለሆነ ቀድሞ የሚሞተውም ዳሩ ነው። የሞተው ክፍል አያገግምም። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ግን አየሩም ራሱ ይጠማዋል።

ጥላው የት ሄደ?

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጥላ ውስጥ አይደል እንዴ የተከልናቸው?

ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ እዚያው ዋልኩ። ከቀኑ 6:20 ገደማ፣ ፀሐይ ኮምቦልቻ ላይ ከፍታዋ ጫፍ ስትደርስ፣ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞርኩ። ግድግዳው ቦግ ብሎ በርቷል። ጥላ የለም። አንዲት እርምጃ እንኳ የለም። ጥላው በቤቱ በደቡብ በኩል ነበር።

እዚያው ቆሜ በራሴ ሳቅሁ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምስለው ሥዕል ነው! ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት እስከ 23.4 ዲግሪ ሰሜን ትወጣለች። ስለዚህ ከሚያዝያ 10 አካባቢ እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከእኛ በስተ ሰሜን ናት። ኪዮቶ 35 ዲግሪ ላይ ናት፤ አውሮፓና አብዛኛው አሜሪካ ከዚያም በላይ ይርቃሉ። እነሱ ጋ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ናት። ለእነሱ "ከቤቱ በስተ ሰሜን" ማለት "ጥላ ሥር" ማለት ነው። እኔ ቃሉን ወሰድኩ፤ ትርጉሙን ግን ኪዮቶ ትቼው መጣሁ።

በቁጥር ላስቀምጠው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ 3 ሜትር ግድግዳ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 2 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። 1.2 ሜትር ላይ የቆመ ችግኝ ይሸፈናል። ሰኔ 14 አካባቢ ያው ግድግዳ ወደ ደቡብ 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጥላል። ሰሜኑ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣውም የምትገባውም ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቷ የሚበረታው ያኔ ነው። ግንቦትና ሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በአጭሩ፣ ለዛፎቹ ብርድ በሚፈልጉበት ወር ጥላ ሰጥቼ፣ ጥላ በሚፈልጉበት ወር ምድጃ ፊት አቁሜአቸዋለሁ። ያ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ፀሐይዋን መልሶ ይተፋባቸዋል።

ምሥራቅ ግን በየትም አገር ምሥራቅ ነው። ከቤት በስተ ምሥራቅ ያለ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው። ከሁለቱ ምክር ለወሎ የሚሠራው እሱ ነበር። እኛ ለልብስ ማስጫ ብለን ተውነው።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ጉድ

ቅጠል የለበሰን ዛፍ በሙቀት መንቀል መግደል ስለሆነ እስኪተኙ መጠበቅ ነበረብን። እስከዚያ ግማሹን ፀሐይ የሚያሳልፍ ሼድ ኔት ገዝተን በሰሜንና በምዕራብ በኩል በእንጨት ወጠርን። ውሃውንም ቀየርን። 20 ሊትር ጀሪካን ታችኛው ጎኑ ላይ በመርፌ በሳን፤ ግንዱ አጠገብ አስቀመጥነው። ጠብ ጠብ እያለ ሰዓታት ይፈጃል፤ ደረቁ አፈርም ቀስ በቀስ ይቀበለዋል። በየሦስት ቀኑ አንድ ጀሪካን። ላዩን አራት ጣት ያህል ውፍረት ባለው የጤፍ ጭድ ጎዘጎዝነው። ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገን። ኮምቦልቻ ላይ ጭድ ግንድ ከነካ ምስጥ መጋበዝ ነው።

ዘመዶች ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ከተማ ለማይበላ ዛፍ 20 ሊትር? "በዚህ ውሃ ጎመን አይበቅልም?" ያለችው የአክስቴ ምራት ናት። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ መጣ። ተንፈስ አልን። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ግን ብላድጉድ፣ ሙቀት ይችላል የተባለው፣ ጠወለገ። ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠወለገ። ስንቆፍር ጉድጓዱ ገንዳ ሆኗል። ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ በለስላሳ አፈር መሙላት ማለት ባልዲ መሥራት ነው፤ ውሃው ይገባል፣ መውጫ የለውም። በዚያ ላይ ጣራው አሸንዳ የለውም፤ የጣራው ውሃ ተንደርድሮ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። በጣት ሲሳብ ልጡ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ፀሐይ ያላደረገችውን ውሃ አደረገው። በማግስቱ ለሁለቱ የቀሩት መፋሰሻ ቦይ ቆፈርን። ለአንዱ ግን ዘገየን።

በዚሁ ወር አክስቴ በደስታ ደወለች። "ባተርፍላይ ነፍስ ዘራ!" አናቱ ከግንቦት ጀምሮ ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር። ሄጄ አየሁት። እውነትም ከሥሩ ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ወጥቷል። ቅጠሉ ግን ነጭ የለውም፤ ድፍን አረንጓዴ ነው። የወጣው ከተዳቀለበት ቦታ በታች ነበር። የተወደደው አናት ሞቶ፣ ማንም ስሙን ያልጠየቀው ሥር ነው የተነሣው። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት አስቸገረኝ። በመጨረሻ "የእንጀራ ልጅ ነው በይው" አልኳት። "እንግዲያው አሳድገዋለሁ" አለች።

ሁለተኛው ተከላ

ጥር 2017 ላይ፣ ቅጠላቸው እንደረገፈ፣ ሁለቱን ነቀልናቸው።

አረንጓዴው እዚያው ኮምቦልቻ ቀረ፤ ግን ወደ ምሥራቅ ሄደ። ልብስ ማስጫው ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ ልብሱም አሁን ግንቦት ላይ ቶሎ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ጉድጓድ አልቆፈርንም። ዋልካውን በመቆፈሪያ ቧጨር ቧጨር አድርገን በላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠራን፤ ዋልካው ራሱ፣ የበሰለ ብስባሽና ደቃቅ ጠጠር የተደባለቀበት። ከፖቱ የመጣውን አፈር ከሥሩ ላይ በውሃ አጥበን አራገፍን። የግንዱ እግር ከአፈር በላይ እንዲታይ አደረግን። ጣራው አሸንዳ ተገጠመለትና ውሃው ወደ ሮቶ ገባ። ማዳበሪያ? ምንም።

ሴይርዩን እኔ ወደ ደሴ ወሰድኩት። አክስቴ "ሰረቅኸኝ" አለችኝ። ምክንያቴ ግን የጂኦግራፊ ነበር። በአማካይ 1,000 ሜትር ስንወጣ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከኮምቦልቻ በ4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ሐረጎን ለመውጣት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ለሜፕል ግን ሌላ አገር ነው።

ግንቦት 2017 እንዲህ አለፈ። ኮምቦልቻ ላይ ያለው አረንጓዴ እስከ እኩለ ቀን ገደማ ፀሐይ ያገኛል፤ ከዚያ ቤቱ ይጋርደዋል። ጥቂት የላይኛው ቅጠሎች ጫፋቸው ደረቀ። በቃ፤ ሌላ ነገር አልነካውም። በጀሪካኑ ውሃ በየአራት ቀኑ ኖረ። በዓመቱ ሁለት ስንዝር ያህል አድጓል። የካቲት ላይ አሁንም ተዛብቶ ነው የሚያቆጠቁጠው። አንድ ቅርንጫፉ እስከ ሚያዝያ ራቁቱን ነበር። ጥላና ውሃ አስተካክለን መቃጠሉን አስቀርተናል። እንቅልፉን ግን ኮምቦልቻ ልትሰጠው አትችልም።

ደሴ ላይ ሴይርዩ በሁሉም ቅርንጫፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነቃ። እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ይመታዋል፤ አንድም ቅጠል አልተቃጠለበትም። ደሴም የራሷ አመል አላት ግን። ሚያዝያ ላይ የወረደ በረዶ ያንን ዳንቴል ቅጠል ወንፊት አድርጎት ነበር። ለጋ ቅጠል በነበረበት ሰሞን ደግሞ ሁለት ሌሊት ውርጭ ፈርቼ በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን ስትፈልግ ዛፍ ላይ አገኘችው።

ለሚጠይቁኝ

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ እስከ ባቲ ድረስ ሆነው ልትከል ወይ ይሉኛል። ለባቲ መልሴ አይሆንም ነው፤ ከኮምቦልቻም ዝቅ ያለና የባሰ ሙቅ ነው። ለኮምቦልቻ ግን፣ ከቤት በስተ ምሥራቅ ባዶ ቦታ ካላችሁ ሞክሩት እላለሁ። ነጭ ወይም ቢጫ ያለበትን አትግዙ፣ ድፍን አረንጓዴውን ፈልጉ። ቤት ባይጋርዳችሁ የግራቪሊያ ወንፊት ጥላም ይሆናል፤ ሥሩ ውሃ እንዳይሻማበት ግን ራቅ አድርጋችሁ። ከመትከላችሁ በፊት ደግሞ አንድ እንጨት ቦታው ላይ ትከሉና ጥላውን ታኅሣሥ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰኔም ላይ እዩት። ስድስት ወር መጠበቅ ካልቻላችሁ ከሰፈራችሁ አንድ የጂኦግራፊ ተማሪ ጠይቁ። አስተማሪውን ተዉት።

ታኅሣሥ 2018 መጀመሪያ ላይ የሴይርዩ ቅጠል ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ፣ አናቱ አካባቢ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ሄደ። ኪዮቶን አያህልም። ለአክስቴ ፎቶ ላክሁላት። ፎቶ አልፈልግም ብላ በማግስቱ በሚኒባስ መጣች። ዛፉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ከወገቧ ትንሽ ነው የሚያልፈው። አንድ ቅጠል ቆርጣ ስልኳና ሽፋኑ መካከል አስገባች።

"የኔው የእንጀራ ልጅ ይሻላል" አለች፣ "ቢያንስ ደጄ ነው።" ከዚያ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እዚያው ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች።